የተመለሰ በግ

«አታልቅሺ እንጂ! የልጅሽ ነገር ይኸውልሽ እኔ ቤት፣ እኔ አልጋ ላይ ተኝቷል» የሚል የአክስቷን የገበያነሽን ድምፅ ፍቅርአዲስ በኮምፖንሳቶው ግድግዳ በኩል ሰማች። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ብላ ዞር አለች። ከራሷ በቀር ማንም የለም። ቀጥሎ አንዲት ሴት «ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» እያለች ስትመርቅ፣ ከዚያም የቆርቆሮው በር ሲዘጋ፣ ከዚያም በግ ሲጮህ ተሰማ። ደባርቅ ላይ በግ መጮሁ ምን ያስገርማል ትሉ ይሆናል። የገበያነሽ ግቢ ግን እንኳን በግ ድመትም ኖሮበት አያውቅም። አክስቷ ሊማሊሞን ለሚወርዱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጥብስና ሻይ እየሸጠች የምታድር ናት፤ ሥጋዋን ከልኳንዳ በኪሎ ታመጣለች፣ እሱንም እየተከራከረች።

ፍቅርአዲስ የምታድርባት ክፍል የምግብ ቤቱ ጓዳ ናት። በአንድ በኩል የሽንኩርት ከረጢት፣ በሌላ በኩል የለስላሳ ሣጥን ተደርድሮ፣ በመሐል አንዲት የሽቦ አልጋ ትገባለች። ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ በበሩ ስንጥቅ ስለሚገባ ጧት ጧት ልብሷ እንደታጠበ ነው። ያለቻት አንዲት ጥቁር ኮት ስለሆነች ከሽንኩርቱ ሽታ ለማዳን በፌስታል ጠቅልላ ትሰቅላታለች። ይቺን ኮት ለብሳ ነው እንግዲህ በየቀኑ ዓቃቤ ሕግ ቢሮ የምትሄደው። የሕግ ተማሪ ናት። ለመመረቅ አንድ ዓመት ሲቀራት ዩኒቨርሲቲው «ኤክስተርንሺፕ» ብሎ እያንዳንዱን ተማሪ በየወረዳው በተነ። የሀገሩ ሰው ቃሉ አልያዝለት ስላለ «ልምምድ» ይለዋል። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው፣ የቤት ኪራይ የለው። ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ይደር ተባለ፤ የዳባት ከተማዋ ፍቅርአዲስም የአባቷ እኅት ደባርቅ አለችላትና መጣች።

ወጥታ ስታይ አክስቷ አንድ ቀይ ሙክት ከአጥሩ ግንድ ጋር እያሰረች ነው። ጀርባው የሚያበራ፣ ላቱ የተንጠለጠለ፣ በእጅ የተቀለበ መሆኑ የሚያስታውቅ በግ ነው።

«የማን ነው?»

«የኛ ነዋ። ሻይሽ ቀዘቀዘ፣ ግቢ።»

ፍቅርአዲስ ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ነገሩ ሸቷታል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት በተወደደበት፣ ዘይት በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ሳትከፍል የምትበላው እዚህ ቤት ነው፤ ሰው ደግሞ የሚበላበትን ቤት ብዙ አይጠይቅም። አባቷ ሲሸኛት «እኅቴ አታሳፍረኝም» ብሎ ከማለት በቀር አንዲት ዶሮ እንኳ አላስያዛትም። ገበያነሽም ስለ ወንድሟ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችም። ስሙን አለመጥራቷ ግን ከክፉ ቃል ይከብድ ነበር። ፍቅርአዲስ ሻይዋን ቆማ ጠጣች፣ ዳቦዋን በኮቷ ኪስ ከተተች፣ ሄደች።

ቢሮው ያው እንደሚታወቀው ነው። በር ላይ ይታያል የሚባለው ማመልከቻ ጸሐፊ ጥላውን ዘርግቶ፣ ካርቦን ወረቀቱን በድንጋይ አስጭኖ ተቀምጧል። ስሙን እንደማክበር ነው፣ የማያየው ነገር የለም፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን እያለቀሰ ወጣ። ፍቅርአዲስን ባየ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እንዴት አደሩ፣ ክብርት ዓቃቤ ሕግ!» ይላታል፣ ከዚያ ለራሱ ይስቃል። ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር አለ፤ ሦስተኛው እግሩ ስለተሰበረ እሷ የምትቀመጠው መስኮቱ ሥር አግዳሚ ላይ፣ መዝገቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው። ሠራተኛው እንኳ በየሦስት ወሩ አንድ ደስጣ ወረቀት ይዞ «ቆጥባችሁ ተጠቀሙ» እየተባለ በሚሠራበት ቤት ለልምምድ ተማሪ ወንበር ማን ይገዛል!

አቶ ፀጋው፣ የቢሮው ዓቃቤ ሕግ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የዛሬን አያድርገውና ሦስት ሳምንት ሙሉ «ይኼን ገልብጪ፣ ያንን አስፍሪ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ያን ዕለት ግን ገና እንደገባች መነጽሩን አውልቆ፣ «የድረስን መዝገብ አነበብኩት። ያንቺን አስተያየት ማለቴ ነው» አላት። ድረስ ቡይት ራስ ከሚባል የገጠር ቀበሌ የመጣ ልጅ ነው፤ የጎረቤቱን በቅሎ ሰርቋል ተብሎ ከታሰረ ቆይቷል። በነጋታው ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው። እስከዚያ ዓቃቤ ሕግ ይከሰስ ወይም ይለቀቅ ካላለ ፖሊስ ሌላ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ልጁም እዚያው ይከርማል። አንድ ምስክር ከማዶው ጋራ ላይ ሆኜ ጎህ ሲቀድ በቅሎዋን ወደ ሊማሊሞ ሲነዳት በዓይኔ አየሁት፣ ፊቱንም ለየሁት ብሏል። ፍቅርአዲስ ግን የባለበቅሎውን ቃል ስታነብ «ጧት ተነሥቼ እንዳልፈልጋት ጉሙ የገዛ እጄን አያሳይም ነበር» የሚል አገኘች። ያው ጧት ነው፣ ያው ጋራ ነው። እጅ በማያሳይ ጉም የሰው ፊት ከማዶ ማን ለየ? ሌላ ማስረጃ ደግሞ የለም። ስለዚህ መዝገቡ አያስከስስም፣ ልጁ ይለቀቅ ብላ ጻፈች። በሕይወቷ የጻፈችው የመጀመሪያ የሕግ አስተያየት ነው።

«ደህና አይተሻል» አለ አቶ ፀጋው። «ከሰዓት እፈርምበታለሁ።»

ደስታዋን የት ታድርገው! ውኃ ልትጠጣ በሚል ሰበብ ወደ ግቢው ወጣች። ሮጣ አባቷ ጋ ደውላ ሰው አስፈታሁ ብትል በወደደች። አንዲት ጋቢ የለበሱ እናት ከባሕር ዛፉ ሥር ተነሥተው መጡና ከእግሯ ላይ ወደቁ።

«ኧረ በሥላሴ፣ ይነሡ! ምን ሆነው ነው?»

«ወርቄ ነኝ፣ እመቤቴ፣ የድረስ እናት። ጧት ተኝተው ነው አሉኝ። ከእትዬ ገበያነሽ ዘንድ ያሰርኳት ነገር ለዓይንም አትሞላ። ለልጁ ሠርግ ብዬ የቀለብኩት ነበር፤ እሱ ከሌለ ሠርጉስ ምን ያደርግልኛል? ልጄን ያውጡልኝ እንጂ ሌላም አላጣም።»

ፍቅርአዲስ ፊቷ ጋለ። ቀና ስትል ይታያል ከጥላው ሥር ሆኖ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ያያታል። ምን ብላ እንደመለሰች አታውቅም፤ «እሺ፣ እሺ፣ ይሂዱ» ሳትል አልቀረችም። ያቺ «እሺ» ናት በኋላ ያንገበገበቻት። በጉ ከመምጣቱ በፊት ልጁ ነጻ ነው ብላ ጽፋለች። አሁን ዝም ብትል ልጁ በበግ ተፈታ ሊባል ነው፤ ሀቋ ጉቦ ሊሆን ነው። ብትናገር ደግሞ አቶ ፀጋው ብዕሩን ያስቀምጥና መዝገቡ እንደገና ይጣራ ይላል። ያ ልጅ ባልበላው ዕዳ እዚያ ብርድ ላይ ሊከርም ነው። መምህሮቿ ይሄን አላስተማሯትም። ኧረ ለመሆኑ ማን ያስተምረዋል?

በሻይ ሰዓት እየሮጠች ቤት ደረሰች። ምግብ ቤቱ ባዶ ነው፤ ሾፌሮቹ ጉሙ ገለጥ ሲል ሄደዋል። ገበያነሽ ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር።

«እትዬ፣ በጉ ይመለስ።»

«ምን ሲደረግ?»

«ጉቦ ነው። ያሳስራል።»

ገበያነሽ ጨርቁን ወረወረችው። «ጉቦማ በጨለማ፣ በብብት ተይዞ የሚመጣ ነው! ይሄ በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማ መሐል፣ በገመድ ተጎትቶ የመጣ እጅ መንሻ ነው። ደመወዝ አይከፍሉኝም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እኔ መቼም አልተማርኩም። ግን መንግሥት ሰውን ያለ ደመወዝ ወንበር ላይ ሲያስቀምጥ ከባለጉዳይ ብላ ማለቱ አይደለም ወይ? ቄሱ በምን ይኖራል? ከምእመኑ። ሽማግሌው በምን ይውላል? ካስታረቃቸው። አያትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጭቃ ሹም ሳለ ማን ደመወዝ ቆረጠለት? ባዶ እጁን ደጃችንን የረገጠ ባለጉዳይ አልነበረም! በዚያ ነው አባትሽም እኔም ያደግነው።»

«እኔ ወንበርም የለኝ፣ እትዬ» አለች ፍቅርአዲስ። «አግዳሚ ላይ ነው የምቀመጠው።»

ያኔ ገበያነሽ የወረወረችውን ጨርቅ አነሣች። የወለወለችውን ጠረጴዛ እንደገና መወልወል ጀመረች፤ እጇ ከሽንኩርቱ ብዛት ተሰነጣጥቋል። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «የምበላው መሰለሽ?» አለች። «ለምርቃትሽ ላቆየው ነበር። ያንቺ ድግስ በማን ይደገሳል? በዚያ በወንድሜ?» ስለ ወንድሟ ክፉ ከተናገረች ይሄ የመጀመሪያዋ ነበር። ፍቅርአዲስ አቅፋ ልትስማት ፈለገች፤ ግን እግሯ ወደ በጉ ሄደ። አክስቷም አልከለከለቻትም፤ ገመዱን ስትፈታ ቆማ አየቻት እንጂ።

እንግዲህ አንዲት ጥቁር ኮት የለበሰች የሕግ ሰው በዋናው መንገድ በግ ስትጎትት አስቡት! በጉ ደግሞ ጠግቦ ያደገ ነውና አልሄድም አለ። ሽንብራ የሚሸጡት ሴቶች ሳቁ፤ አንዱ ጋሪ ነጂ «ሸጠሽው ነው ወይስ ገዝተሽው?» ብሎ ጮኸ፤ አንዱ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ያለ ጎረምሳ «አንቺዬ፣ ፋሲካ ገና ነው!» አላት። ላብ በላብ ሆና፣ ኮቷ የበግ ፀጉር ለብሶ፣ ወይዘሮ ወርቄን ከፖሊስ ጣቢያው በር አገኘቻቸው። የልጃቸውን ምሳ በሳፋ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። በጉን ሲያዩ ሳፋው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር።

«አነሰ?» አሉ፣ በሹክሹክታ። «ወይኔ ወርቄ! አነሰ አይደል? እነዚያ ባለበቅሎዎቹ ምን አመጡ? በሬ ነው ያመጡት?»

«ማንም ምንም አላመጣም። ልጅዎ ያለ ምንም ይለቀቃል። ማስረጃ የለበትም። እኔ ራሴ ጽፌያለሁ፤ ዛሬ ይፈረማል። በጉን ይውሰዱት፣ ለሠርጉ ይሁንልዎ።»

«ያለ ምንም?» ወይዘሮ ወርቄ ፊቷን መረመሩት። ከአንጀቷ እንደተናገረች ያስታውቅ ነበር፤ ግን «ያለ ምንም» የሚሉት ነገር በዕድሜያቸው ሙሉ ከመንግሥት ቤት ወጥቶ ያዩት ነገር አይደለም። መሬት ሲለኩ ሰጥተዋል፣ ማዳበሪያ ሲወስዱ ሰጥተዋል፣ ለከብቱ ክትባት እንኳ እንቁላል ሰጥተዋል። የተቀበለ ያደርጋል፤ የመለሰ ግን አላደርግም ማለቱ ነው። ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» አሉ ለራሳቸው፣ ገመዱን በግድ እየተቀበሉ። ፍቅርአዲስ ማለች፣ ተገዘተች። በማለች ቁጥር የሴትየዋ ዓይን እንባ ሞላ።

ቢሮ ስትመለስ አቶ ፀጋው ለምሳ ሊወጣ ኮቱን አንሥቷል። በሩን ዘጋችና ሁሉንም ነገረችው፤ ጧት የሰማችውን፣ በጉን፣ አክስቷን፣ «እሺ» ያለችውንም ጭምር። ኮቱን መልሶ ሰቀለ።

«ብፈርም» አለ፣ «የፀጋው ቢሮ በበግ ሰው ይፈታል ይባላል።»

«ባይፈርሙስ?» አለች። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። «መዝገቡ ትናንት የነበረው ነው። በጉ መዝገቡ ውስጥ የለም፤ ጉሙ ግን አለ። ስማችን እንዳይጠፋ ብለን ሰው ብናስር እኛም ተቀብለናል ማለት ነው፤ ስም ተቀብለናል። እኔን ይቅጡኝ። ልጁ ምን አደረገ?»

አቶ ፀጋው መነጽሩን አደረገ። ከጠረጴዛው ላይ መዝገቡን ስቦ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበው፤ ምሳ የለ፣ ሻይ የለ፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ። እሷ ቆማ ጠበቀችው። ሲጨርስ የእሷን አስተያየት ከመዝገቡ አወጣ፣ በንጹሕ ወረቀት የራሱን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታ። የልጅቷ ስም የትም የለበትም።

«የጻፍኩት ያንቺኑ ነው» አላት። «ግን ከነገ ጀምሮ መዝገብ ቤት ነው የምትቀመጪው። አቧራ ታራግፊያለሽ፣ ሌላ አትነኪም። ለዩኒቨርሲቲሽም ይሄን ሳልጽፍ አላልፍም፤ ውጤትሽን ይጎዳዋል። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

ወዲያው ፊቱን አዞረ። «እኔ ሥራ ስጀምር የመጣልኝ ማር ነበር» አለ ወደ መስኮቱ። «መመለስ አቅቶኝ ብቻዬን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። አንቺ በዋናው መንገድ ጎተትሽው አሉኝ።» እንደመሳቅ አለ። ውጤቷ ሄዷል፣ አቧራው ይጠብቃታል፤ እሷ ግን ያን ጊዜ ትዝ ያላት ልጁ ብቻ ነው። ዛሬ ይወጣል።

ወደ ማታው ግድም፣ ትእዛዙ ፖሊስ ጣቢያ እንደደረሰ ስትሰማ፣ ከበሩ ማዶ ሄዳ ቆመች። እንድታይ ብቻ ነው፣ እንድትመሰገን አይደለም። እርግጥ ትንሽ ብትመሰገን አትጠላም ነበር፤ ሰው ናት። ድረስ ወጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፂሙ ገና ያልሞላ ልጅ ነው፤ ፀሐዩ ዓይኑን ወግቶት እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ቆመ። ወይዘሮ ወርቄ እልልታውን ለቀቁት። አንገቱን አቅፈው፣ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ትከሻውን እየሳሙ መሬት አላስረግጥ አሉት። ፍቅርአዲስም እንባዋ መጣ። ከዚያ ነው አጠገባቸው በግ አለመኖሩን ያየችው።

ቀረብ ብላ «እንኳን ደስ ያለዎ» አለች። «በጉስ?»

ወይዘሮ ወርቄ ቀልጠፍ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በጉማ… ሄደ።»

«ጋሼ ይታያል እኮ ናቸው!» አለ ድረስ፣ በደስታ ምላሱ ተፈትቶ። «በጉን ወስደው ከዓቃቤ ሕጉ ጋር ባይጨርሱልኝ ነገ ቀጠሮ ይጨመርብኝ ነበር። የመለሰችው ልጅ ደመወዝ እንኳ የላትም፣ እሷ ምን ታደርግላችኋለች፣ ሰውዬውን የማውቀው እኔ ነኝ አሉን።»

«ዝም በል፣ አንተ!» እናቱ ክንዱን ቆነጠጡት።

ማመልከቻ ጸሐፊው ይታያል ከመንገዱ ማዶ፣ ከቢሮው በር ላይ፣ ጥላውን እያጠፈ ነበር። ፍቅርአዲስ መንገዱን ተሻግራ ከፊቱ ቆመች። «የሴትዮዋን በግ መልስ!»

«የምን በግ፣ እኅቴ?» አለ ይታያል፣ ካርቦኑን ቀስ ብሎ እየሰበሰበ። «ባለበጓ ይኸው ቆማለች። ጠይቂያት።»

ፍቅርአዲስ ዞረች። «እማማ፣ ይንገሩኝ። ለዚህ ሰው በግ ሰጥተዋል? ዛሬውኑ ተቀብዬ እሰጥዎታለሁ። አንዲት ቃል ብቻ ይበሉኝ።»

ወይዘሮ ወርቄ ወደ ይታያል አዩ። ወደ ልጃቸው አዩ። የፖሊስ ጣቢያው በር ገና አልተዘጋም።

«ምንም አልሰጠሁም» አሉ፣ ጮክ ብለው፣ መንገደኛው እንዲሰማ። «ማርያምን፣ ለማንም ምንም አልሰጠሁም!»

ከዚያ ልጃቸውን ለቀቅ አድርገው ወደ ፍቅርአዲስ መጡ። ጧት «እመቤቴ» ብለው እግሯ ላይ የወደቁት ሴት አሁን እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ከኮቷ ላይ የበግ ፀጉሩን አንድ በአንድ ለቀሙላት፣ እንደ ገዛ ልጃቸውም ጉንጯን ሳሟት። አዘኑላት።

«አይክፋሽ፣ ልጄ» አሏት በጆሮዋ። «ደመወዝ ሲቆረጥልሽ አንቺም ታስፈቻለሽ።»